መቶ ደረጃ ለማን ይበጃል? ፍጡራንን እስከ ጣሪያ ስለማሳደግ የተደረገ ዳሰሳ

ፍጡር እየያዙ የሚያሳድጉባቸው የቪዲዮ ጌሞች ሕጋቸው አጭር ነው። ተጫዋቹ የዱር ፍጡር ይይዛል፣ ያሠለጥነዋል፣ ከሌላ ጋር ያጋጥመዋል። ያሸነፈ የልምድ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃው ከፍ ይላል። መውጣቱ ግን ማብቂያ አለው። በፖኬሞን ማብቂያው 100 ነው፤ በብዙዎቹ ሌሎች የጃፓን ጌሞች 99። እዚያ የደረሰ ፍጡር ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢያሸንፍ ደረጃው ንቅንቅ አይልም።

እዚያ ድረስ መውጣት ያስፈልጋል ወይ? ጥያቄው የልጅ ይመስላል፤ ሆኖም ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲያከራክር ቆይቶ ዛሬም አልተቋጨም። አንዱ ወገን መቶ ያልደረሰ ፍጡር ገና አላለቀም ባይ ነው። ሌላው፣ በተለይ ውድድር የሚያዘወትረው፣ ደረጃ ከጌጥ አይዘልም ይላል። ሦስተኛው ዐይኑን የሚጥለው ልፋቱ ላይ ነው፤ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር፣ ስንት ጊጋባይት?

ሦስቱ የማይግባቡት ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ነገር ስለማያወሩ ነው። ከፍተኛው ደረጃ አንድም የጉልበት መለኪያ ነው፣ አንድም የፈሰሰ ጊዜ ምስክር፣ አንድም ወደ ሌላ ነገር ማለፊያ። ሦስቱም ፍቺዎች በአንዲት ቁጥር ውስጥ ተጠቅልለው ስለመጡ ክርክሩ ይደባለቃል። ከሊማሊሞ በታች፣ አዲ አርቃይ ላይ ስልክ የያዘ ወጣትም የሚያገኘው ጌም ቶኪዮ ካለው ጋር ያው ነው፤ ወደ ጣሪያው የሚያወጣው መንገድ ግን አንድ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአጋንንት እስከ ነፍሳት

የዘውጉ ሥር ከፖኬሞን ይቀድማል። በ1987 አትለስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው «ሜጋሚ ቴንሰይ» ተጫዋቹ ከአጋንንት ጋር ተነጋግሮ፣ ተደራድሮ፣ ከጎኑ እንዲያሰልፋቸው ፈቀደ። የሚገርመው፣ በእነዚህ የመጀመሪያ ጌሞች ጋኔን አያድግም። እንደተያዘ ይቀራል። ጠንካራ ጋኔን የሚፈልግ ተጫዋች ሁለቱን አዋሕዶ ሦስተኛ ይፈጥራል፤ ሁለቱ በዚያው ይጠፋሉ። በዚህ ተከታታይ ውስጥ አጋንንት ራሳቸው ልምድ እያገኙ በደረጃ ማደግ እንደ ዋና ነገር የታየው በ2003 በወጣው «ኖክተርን» ላይ ነው። ስለዚህ ፍጡር መሰብሰብና ፍጡር እስከ ጣሪያ ማሳደግ አብረው አልተወለዱም፤ መሰብሰቡ ቀዳሚ ነው።

ማሳደጉን ያስለመደው «ድራጎን ክዌስት 5» ሆነ፤ ዘመኑ 1992። እዚያ የተሸነፉ ጭራቆች አንዳንዴ ተነሥተው ተጫዋቹን ይከተሉታል። ጣሪያቸው እኩል አይደለም፤ ገና ሲገኙ ኃይለኛ የሆኑት ቶሎ ያበቃሉ፣ ደካሞቹ ሩቅ ይሄዳሉ። ስላይም የተባለችው፣ የተከታታዩ ሁሉ የመጨረሻ ደካማ ፍጡር፣ ደረጃ 99 ላይ ስትደርስ ከባድ የእሳት እስትንፋስ ትማራለች። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ጌሙን ይጨርሰዋል፤ ለደረሰ ግን ከላይ የሚጠብቅ ነገር አለ። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ያስፈልገናል፤ ፖኬሞን በመቶ ላይ እንዲህ ያለ ሽልማት አላስቀመጠም።

ፖኬሞን ቀይና አረንጓዴ በየካቲት 1996 ለጌምቦይ ወጡ። ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ በቶኪዮ ዳርቻ ነፍሳት ይሰበስብ እንደነበር፣ የጌሙም ሐሳብ ከዚያ እንደተነሣ ደጋግሞ ተናግሯል። 151 ፍጡራን፣ ሁለት ካሴት፣ መሀላቸው ገመድ። አንዱ ካሴት ላይ የሌለው ፍጡር ሌላው ላይ ስለሚገኝ፣ መለዋወጥ የግድ ነው። ደረጃ 100 እዚህ ሲገባ ከዋናው ሐሳብ ጎን ነበር። ማስረጃው ጌሙ ውስጥ አለ፤ የታሪኩ የመጨረሻ ተቃዋሚ የሚያሰልፈው ትልቁ ፍጡር ደረጃው 65 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው ተከታይ ጌም፣ ተራራ ጫፍ ላይ ተደብቆ የሚጠብቀው የመጨረሻው አሰልጣኝ እንኳ ፒካቹ የተባለው ፍጡሩ 81 ላይ ነው። ጌሙን ለመጨረስ መቶ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

የጣሪያው ሒሳብ

እንግዲህ የማያስፈልግ ከሆነ፣ ለምን እንዲህ ውድ ሆነ? መልሱ ቀመሩ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው ትውልድ ፍጡራኑ በአራት የዕድገት ፍጥነት ተከፍለዋል። ፈጣኖቹ እስከ 100 ለመድረስ 800,000 የልምድ ነጥብ ይበቃቸዋል፤ ፒካቹን የመሰሉት 1,000,000፤ ጌሙ ሲጀመር ለምርጫ የሚቀርቡት ሦስቱ 1,059,860፤ ዝግተኞቹ 1,250,000። ከዝግተኞቹ ጎራ ሜውቱ የተባለው አስፈሪ ፍጡር አለ፤ ማጂካርፕ የተባለችው መንፈራገጥ ብቻ የምታውቅ ዓሣም አለች። ከ2002 ጀምሮ ሁለት ተጨማሪ ፍጥነቶች መጡ፤ አንዱ 600,000፣ ሌላው 1,640,000 ይጠይቃል።

ዋናው ነገር ድምሩ ላይ አይደለም፤ አካሄዱ ላይ ነው። የፒካቹን ዓይነት እንውሰድ። የሚያስፈልገው ነጥብ የደረጃው ኩብ ነው፤ ደረጃ 50 ለመድረስ 125,000፣ ደረጃ 100 ለመድረስ 1,000,000። ማለትም ሃምሳ ላይ የቆመ ፍጡር በቁጥር ግማሽ መንገድ ቢመስልም፣ ከልፋቱ የተወጣው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። ከ99 ወደ 100 ያለችው አንዲት እርከን ብቻዋን 29,701 ነጥብ ትወስዳለች።

ጉልበቱስ? የፍጡሩ ጥቃት፣ መከላከያና ፍጥነት የሚሰሉበት ቀመር በደረጃው ልክ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከ50 ወደ 100 ሲሄድ በግምት በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ዋጋው ስምንት እጥፍ ሲሆን ጥቅሙ ሁለት እጥፍ ነው። «ደረጃ 100 ኃይል ነው» የሚለው ወገንም «ደረጃ 100 ኪሳራ ነው» የሚለው ወገንም ይህንኑ ቀመር ነው የሚጠቅሰው፤ አንዱ የጉልበቱን መሥመር፣ ሌላው የዋጋውን መሥመር እያየ።

ቀመሩ ራሱ አንድ ጊዜ ተሳስቷል፤ ስሕተቱም ዝናን አትርፏል። የሦስቱ መነሻ ፍጡራን ዓይነት ቀመር ደረጃ 1 ላይ ሲሰላ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የጌምቦዩ ፕሮግራም ከዜሮ በታች የሆነ ልምድ አያውቅም፤ ቁጥሩን ገልብጦ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ያነበዋል። ደረጃ 1 ላይ ያለ ፍጡር በተለመደው መንገድ ስለማይገኝ ስሕተቱ ተደብቆ ኖረ፤ በሌላ ብልሽት ተጠቅሞ ያገኘው ሰው ግን ትንሽ ነጥብ ብቻ ቢያበላው በአንድ ውጊያ 100 ላይ ዘሎ ይወጣል። ሌላው ታዋቂ ብልሽት ሚሲንግኖ ነው፤ በቀይና ሰማያዊ ካሴቶች በአንዲት ደሴት ዳርቻ ሲገናኙት፣ በቦርሳው ስድስተኛ ቦታ ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ከመቶ በላይ አድርጎ ያባዛል። ልጆቹ ስድስተኛ ቦታ ላይ ያስቀመጡት በአብዛኛው ሬር ካንዲ ነበር፤ አንድ ፍሬዋ አንድ ደረጃ የምታወጣ ከረሜላ።

ሞትና መዋለድ ያለባቸው ጌሞች

በፖኬሞን ፍጡር አያረጅም። ይህ ለብዙ ተጫዋች የዘውጉ ተፈጥሮ ይመስለዋል፤ በዘመኑ ግን አንዱ አማራጭ ብቻ ነበር።

በ1997 በወጣው «ሞንስተር ራንቸር» ፍጡር ዕድሜ አለው። ይሠለጥናል፣ ጎልማሳ ይሆናል፣ ይደክማል፣ ይሞታል። አሰልጣኙ አስቀድሞ በበረዶ አቆይቶ ከሌላ ጋር ካላዋሐደው በቀር ሥራው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። በዚያው ዓመት የተጀመረው ዲጂሞን፣ ቀጥሎም በ1999 የመጣው «ዲጂሞን ወርልድ» ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ። እዚያ «እስከ መጨረሻው አሳደግሁት» ማለት ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ከመሞቱ በፊት ምን ያህል ደረሰ የሚል ነው።

«ድራጎን ክዌስት ሞንስተርስ» በ1998 ሦስተኛ መንገድ አመጣ። ሁለት ፍጡራን ደረጃ 10 ሲሞላቸው ይዳቀላሉ። ወላጆቹ ይሄዳሉ፤ ግልገሉ ከ1 ይጀምራል፣ ነገር ግን የወላጆቹን ችሎታ ይወርሳል። በዚህ ሥርዓት አንዱን ፍጡር እስከ ጣሪያ ማሳደግ ሞኝነት ሊሆን ይችላል፤ ብልሁ አርቢ ትውልድ ይቆጥራል እንጂ ደረጃ አይቆጥርም። በ2015 የወጣው «ዲጂሞን ሳይበር ስሉዝ» ይህን አጠናክሮ አመጣው፤ ፍጡሩ ቅርጹን እየለወጠ ወደ ደረጃ 1 በተመለሰ ቁጥር ጣሪያው ከፍ ይልለታል። ወደ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ መውረድ ግድ ነው።

እነዚህን ጎን ለጎን ያየ አንድ ነገር ይገለጥለታል። ደረጃ 100 ቋሚ ሀብት የሚሆነው ሞትም መዋለድም ሳይነካው ሲቀር ብቻ ነው። የፖኬሞን አዘጋጆች ሞትን ከጌሙ ማስቀረታቸው ለልጆች ሲባል የተደረገ ለስላሳ ውሳኔ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ተጫዋቹ አንድን ፍጡር ለሃያ ዓመት የሚያቆይበት ምክንያት መፍጠሩ ነው።

ጉልበት ወይስ ቁጥር?

«በከረሜላ ያደገ ደካማ ነው» የሚለው አባባል በየአገሩ ያሉ ልጆች የሚያውቁት ነው። ብዙ አዋቂ ተረት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ግማሹ እውነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ፍጡሩ ከሚታየው የልምድ ነጥብ ሌላ፣ ባሸነፈው ባላጋራ ዓይነት የሚጠራቀም ስውር የሥልጠና ነጥብ ነበረው። ከረሜላ ደረጃውን ያወጣል፤ ስውሩን ነጥብ አይሰጥም። ስለዚህ ሁለት ደረጃ 100 ፒካቹዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ተዋግቶ የወጣው በብቃቱ ይበልጣል። ተረት የሚሆነው «ለዘላለም ደካማ ሆኖ ይቀራል» የሚለው ክፍል ነው፤ ስውሩ ነጥብ ከደረጃው ተለይቶ የሚጠራቀም ስለሆነ ጉድለቱ የደረጃው አይደለም። ከ2002 ወዲህ ሥርዓቱ ተስተካክሎ የሥልጠናው ነጥብ ድምር በ510 ተገደበ፤ ከሱ ጋር ፍጡሩ ሲገኝ ይዞት የሚመጣው፣ ከ0 እስከ 31 የሚደርስ የተፈጥሮ ብቃት አለ። በአጭሩ፣ 100 የሚለው ቁጥር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ ደረጃ፣ ሥልጠና፣ ተፈጥሮ። ደረጃው ብቻ ነው ፊት ለፊት የሚታየው።

ውድድር የሚያዘጋጁት ይህን ቀድመው ያወቁ ይመስላል። በ1997 ጃፓን ውስጥ በተደረገው የኒንቴንዶ ዋንጫ የተፈቀደው ደረጃ ከ50 እስከ 55 ነበር፤ ለውጊያ የሚሰለፉት ሦስቱ ፍጡራን ድምርም ከ155 እንዳይበልጥ ተወሰነ። አንዱን 55 ያደረገ ሌሎቹን 50 ላይ ማቆየት አለበት። ደረጃ እዚህ የሚደለደል በጀት ሆነ፤ ስልት ሆነ። በ2009 በተጀመረው ዓለም አቀፍ ይፋዊ ውድድር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ፤ መቶ ላይ ያለ ፍጡር ይዞ የመጣ ተወዳዳሪ ውጊያው ሲጀመር ፍጡሩ ወደ 50 ወርዶ ያገኘዋል። ያ ሁሉ ሰባት ስምንተኛ ልፋት መድረኩ ላይ ዋጋ የለውም።

ሆኖም መቶን የሚያከብር ሌላ የውድድር ዓለም አለ። በ2004 የተመሠረተው ስሞገን የተባለው የተጫዋቾች ማኅበረሰብ በዋና ዋና ሕጎቹ የሚጫወተው በደረጃ 100 ነው። የሚያስቀው፣ ውጊያው የሚካሄደው በሲሙሌተር ላይ ስለሆነ ፍጡሩን ማንም አያሳድገውም፤ ተጫዋቹ ቁጥሩን ጽፎ ይገባል። እንግዲህ ልፋት የተደረገበት መቶ መድረክ ላይ ይወርዳል፣ መቶ የሚከበርበት መድረክ ደግሞ ልፋት አይጠይቅም። ለሃምሳ የሚሟገቱት ሥልጠናው ያጥራል፣ ብዙ ሰው ይገባል ይላሉ። ለመቶ የሚሟገቱት ትንሽ የሥልጠና ልዩነት እንኳ በትክክል የሚታየው እዚያ ነው ይላሉ፤ ሃምሳ ላይ ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ ብዙ ልዩነት ይዋጣል። የሁለቱም ስሌት ልክ ነው።

መካከል ላይ የስድስት ዓመት እንግዳ ዘመን አለ። በ2016 የወጡት «ሰን»ና «ሙን» የፍጡሩን የተፈጥሮ ብቃት በወርቅና በብር ክዳን ለውጦ ማሻሻል ፈቀዱ፤ ቅድመ ሁኔታው ደረጃ 100 መድረስ ነው። ድንገት መቶ ማለፊያ ሆነ። ውድድሩ በ50 ቢሆንም፣ ለውድድሩ የሚሆን ፍጡር ለማዘጋጀት 100 መድረስ ግድ ሆነ። በ2022 የወጡት «ስካርሌት»ና «ቫዮሌት» ቅድመ ሁኔታውን ወደ 50 አወረዱት። አዘጋጆቹ ራሳቸው ሃሳባቸውን እንደቀያየሩ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም።

ልፋቱ ይቅለል ወይስ ይቆይ?

የልፋቱ መጠን ቋሚ ሆኖ አያውቅም። በ2010 የወጡት «ብላክ»ና «ዋይት» የልምዱ ነጥብ በደረጃ ልዩነት እንዲሰላ አደረጉ፤ ትልቅ ፍጡር ትንሹን ቢያሸንፍ የሚያገኘው እየመነመነ ይሄዳል። በዚያ ትውልድ የመጨረሻዎቹ አሥር ደረጃዎች የትዕግሥት ፈተና ነበሩ። በ2013 «ኤክስ»ና «ዋይ» የልምድ ማካፈያውን ለመላው ቡድን አደረጉት፤ ያልተዋጋም ያድጋል፣ ያልፈለገ ያጠፋዋል። በ2019 «ሶርድ»ና «ሺልድ» ማጥፊያውን ነሡ። ከዚያ ወዲህ የተነሣው ተቃውሞ የዋዛ አልነበረም፤ አሮጌ ተጫዋቾች ፈተናው ጠፋ ሲሉ፣ አዲሶቹ ተመሳሳይ ሣር ውስጥ መመላለስ ፈተና ተብሎ አያውቅም አሉ።

በዚያው ጌም የመጣው የልምድ ከረሜላ ደግሞ ሒሳቡን ገለበጠው። ትልቁ ከረሜላ 30,000 ነጥብ ይሰጣል። ሜውቱን የመሰለ ዝግተኛ ፍጡር ከባዶ ተነሥቶ 42 ከረሜላ በልቶ 100 ይደርሳል፤ ከረሜላዎቹ የሚገኙት ደግሞ ከሌሎች ጋር ተባብሮ ከሚደረግ ውጊያ ነው። በ1996 ወራት የፈጀው ነገር ዛሬ የአንድ ቀን ከሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጸሐፊ ግምት የአሮጌዎቹ ቅሬታ የሚመስለውን ያህል ስለ ክብደት አይደለም። መቶ ምስክር መሆኑ ቀረ ነው የሚሉት። በ1998 አንድ ልጅ ገመዱን ሰክቶ ደረጃ 100 ፍጡር ሲያሳይ፣ ብልሽት ካልተጠቀመ በቀር፣ ክረምቱን ምን ላይ እንዳሳለፈ ይታወቅ ነበር። ከረሜላ በገፋ ቁጥር ቁጥሩ ስለባለቤቱ የሚናገረው እያነሰ ሄደ። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ነገር ግን ትርፍ ጊዜ የሌለው፣ ሥራ የያዘ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ወደ ጌሙ መግባቱ ደግሞ እውነተኛ ትርፍ ነው። አንዱን ለማካካስ ሌላውን ማጥፋት ግድ ይሁን አይሁን እስካሁን ያሳየ ጌም የለም።

ጣሪያው ሲነሣ

የስልክ ጌሞች ሌላ ነገር አመጡ፤ የሚንቀሳቀስ ጣሪያ። «ፖኬሞን ጎ» በሐምሌ 2016 ሲወጣ የተጫዋቹ ራሱ ደረጃ በ40 ያበቃ ነበር፤ 20 ሚሊዮን ነጥብ። በ2020 መጨረሻ ወደ 50 ከፍ አለ፤ 176 ሚሊዮን። በ2025 ደግሞ 80 ሆነ። የፍጡራኑም ጣሪያ ከ40 ወደ 50 ሲወጣ፣ ለእያንዳንዱ ፍጡር 296 ልዩ ትላልቅ ከረሜላዎች አስፈለጉ። ትናንት ጨርሻለሁ ያለ ዛሬ እኩሌታው ላይ ራሱን አገኘ። በ2024 የወጣው «ፓልወርልድ» በ50 ጀምሮ በዚያው ዓመት ወደ 55፣ ከዚያ ወደ 60 አሳደገ። በካሴት ዘመን ጣሪያ ማለት ጣሪያ ነበር፤ ኩባንያው ከሸጠው በኋላ ሊነካው አይችልም። አሁን ጣሪያው ተጫዋቹን የማቆያ መሣሪያ ሆኗል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የ«ጎ» ሊጎች ናቸው። ከሊጎቹ በአንዱ የፍጡሩ የውጊያ ጉልበት ከ1,500 እንዳይበልጥ ተገድቧል። ግዙፍ ፍጡር እዚያ ለመግባት በዝቅተኛ ደረጃ መቆየት አለበት፤ ሜዲቻም የተባለው ትንሽ ፍጡር ደግሞ ለመወዳደር እስከ 50 ገደማ መውጣት አለበት። ጭራሽ የጥቃት ብቃቱ ዝቅ ያለ ፍጡር ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጉልበቱን ሲያሰሉ ጥቃት ይበልጥ ይመዝናልና በእሱ ያተረፉትን በጥንካሬ ይከፈላሉ። በዚህ ሊግ «ከፍተኛው ደረጃ ይበጃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም፤ በየፍጡሩ ይለያያል።

ከሊማሊሞ በታች

ይህ ሁሉ ክርክር የተካሄደው ተጫዋቹ ጊዜ፣ መብራትና ኔትወርክ እንዳለው አስቀድሞ ተወስዶ ነው። ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ አዲ አርቃይ ለደረሰ ሰው ጥያቄው መልኩን ይለውጣል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ጌም በአብዛኛው የሚታወቀው በጌም ቤት ነው። የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ ተሸናፊ ይነሣል፣ ተራ ጠባቂ ይቀመጣል። ይህ አሠራር ለፍጡር ማሳደግ አይመችም። መቶ ሰዓት የሚጠይቅ፣ በራስ ስም የተቀመጠ ፋይል የሚፈልግ፣ ተመልካችን የማያዝናና ነገር በጨዋታ እየተከፈለ አይገፋም። ስለዚህ ዘውጉ የሚገባው በግል ስልክ ነው፤ እዚያም ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው ኢንተርኔት የሚፈልገው ነው፤ ቁንጮው «ጎ»። ይህ ጌም በእውነተኛው ዓለም ካርታ ላይ፣ ከማረፊያ ቦታ ወደ ማረፊያ ቦታ በአካል እየሄዱ የሚጫወቱት ነው፤ ካርታው ግን ከአየር አልመጣም። የማረፊያ ቦታዎቹ መነሻቸው በዚያው ኩባንያ የቀደመ ጌም ተጫዋቾች ያስመዘገቧቸው ሐውልቶች፣ ሕንፃዎችና አደባባዮች ናቸው፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የመሬቱ ካርታ የሚቀዳው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ተጫዋች የነበረበት ቦታ ይሞላል፤ ያልነበረበት ባዶ ይቀራል። በ2017 የቀረበ የእነ አሽሊ ኮሊ ጥናት ይህን አሜሪካ ውስጥ በቁጥር አሳይቷል፤ የከተማ ነዋሪዎችና ነጮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ሲጠቀሙ፣ ገጠሩና የጥቁሮች ሰፈሮች ተጎድተዋል። በአሜሪካ ገጠር የታየው እንዲህ ከሆነ፣ የሰሜን ተራሮች ግርጌ ከዚህ የተሻለ ይገጥመዋል ብሎ ለማሰብ ምክንያት የለም። ዋልያና ጭላዳ የሚሠማሩበት ይህ አገር በዱር አራዊቱ ዓለም የሚያውቀው ቢሆንም፣ በ«ጎ» ካርታ ላይ ሀብት የሚለካው በአውሬ ሳይሆን በአደባባይ ብዛት ነው።

በዚህ ላይ የኔትወርክ ግንኙነቱ ራሱ እንቅፋት ነው። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በየቀኑ መግባትን የሚሸልም፣ በየሳምንቱ ዝግጅት ያለው ጌም እንዲህ ላለ ክፍተት ቦታ የለውም፤ የቀረ ቀርቷል። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ኩባንያው ከማረፊያ ቦታ የሚፈቀደውን ርቀት ወደ 80 ሜትር አስፍቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 40 ሊመልሰው ሲሞክር፣ አካል ጉዳተኞችና የገጠር ተጫዋቾች ባሰሙት ጩኸት 80ው ጸንቷል። ጣሪያውን ማን ይደርስበታል የሚለው የፍትሕ ጥያቄ እንደሆነ ያኔ ይፋ ወጣ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ የሚነሣው መከራከሪያም እዚህ ይላላል። ጌሙ ሰውን ያራምዳል ይባላል፤ በ2016 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የአሜሪካ ተጫዋቾች በመጀመሪያው ሳምንት በቀን በአማካይ 955 እርምጃ እንደጨመሩ፣ በስድስተኛው ሳምንት ግን ወደ ቀድሞው እንደተመለሱ አሳይቷል። ውኃና እንጨት ለማምጣት፣ ገበያ ለመድረስ ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ይህ ጥቅም ተብሎ የሚነገር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ኢንተርኔት የማይፈልገው ነው፤ በስልክ ላይ የሚሠራ ኢሙሌተርና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የድሮ ጌም ፋይል። ቅጂው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሆኑ አያጠያይቅም። አንድ ጊዜ ከተጫነ ግን ኔትወርክ ቢጠፋ አይነካውም፤ ጊዜውን የማፍጠኛ ቁልፍም ስላለው የ1996ቱ ልፋት ያጥራል። የሚቀረው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ፖኬሞን በ2016 ቻይንኛን ጨምሮ በዘጠኝ የቋንቋ ምርጫዎች ወጥቷል፤ አማርኛ አልነበረበትም። በአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የተሠሩት «ኩኩሉ»ና «ገበጣ» አገርኛ ጌም እንደሚቻል ቢያሳዩም፣ አንደኛው የሩጫ፣ ሁለተኛው የጠጠር ጨዋታ ነው፤ ፍጡር አያሳድጉም። የሥልጠና ነጥብና የተፈጥሮ ብቃት ምን እንደሆኑ በአማርኛ የሚያስረዳ ጌም ገና አልመጣም።

የት ነው የሚቀመጠው?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ክርክሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል፤ ያደገው ፍጡር ምን ይሆናል? የጌምቦይ ካሴቶች መዝገባቸውን የሚይዙት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትሞት መቶ የደረሰውም አምስት ላይ ያለውም እኩል ይጠፋል። ከእነዚያ ካሴቶች ወደ 2002ቱ ጌሞች ማሻገሪያ መንገድ አልተሠራም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መቶዎች እዚያው ቀሩ። ከ2002 ወዲህ ያለው ግን ሰንሰለቱ አልተቆረጠም፤ በትዕግሥት ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረ ሰው በ2003 ያሳደገውን ፍጡር በ2020 በተጀመረው ፖኬሞን ሆም ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ሆኖም የመካከለኛው ድልድይ ያለበት የኒንቴንዶ 3ዲኤስ መደብር በመጋቢት 2023 ተዘግቷል፤ የመሣሪያው የኦንላይን ጨዋታ በሚያዝያ 2024 ቆሟል። የማሻገሪያውን መተግበሪያ አስቀድሞ ያላወረደ ሰው ከእንግዲህ ከመደብሩ አያገኘውም።

በሰርቨር ላይ ያለው ፍጡር የባለቤቱ ነው ወይስ የኩባንያው የሚለውን የተጠቃሚ ውሎች ለኩባንያው ይፈርዱታል። በ2025 የ«ጎ» ባለቤት የነበረው ኒያንቲክ «ጎ»ን ጨምሮ የጌም ክፍሉን ስኮፕሊ ለተባለ ኩባንያ በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ተጫዋቾች ለዘጠኝ ዓመት ያሳደጓቸው ፍጡራን አብረው ተሻገሩ። በስልክ ፋይል ላይ ያለው ደግሞ ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ስልኩ ሲሰበር ግን የሚመልሰው የለም፣ ባለቤቱ ወደ ሌላ ሚሞሪ ካርድ ካልገለበጠው በቀር።